በር ላይ የሚቀር ወሬ

ሰኞ 2

የሕዝበ ውሳኔውን መጽሐፍ የምናትመው እኛ ነን። አለቃችን ጠዋት በማሽኑ ዙሪያ ሰብስበው ነገሩን። ትንሽ መጽሐፍ ናት፣ ግን ለየቤቱ አንድ አንድ ትደርሳለች። ሰው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ነገሩን አውቆ ይግባበት ተብሎ ነው። ሦስት መንገድ ቀርቧል፦ ራሳችንን ችለን አገር እንሁን፣ ከሚያስተዳድረን አገር ጋር በውል ተሳስረን እንኑር፣ ወይስ ጨርሰን እንቀላቀለው።

«ዘንድሮ ቀልድ የለም» አሉ አለቃችን። «አንድ ገጽ ከተዘበራረቀ በአገር ላይ እንደተቀለደ ቁጠሩት።»

ማሽኒስቱ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የቀለዱብን ሰዎች እንኳ ምንም አልተባሉም» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ትንሽ ቆይቼ ሳቅኩ። ሁልጊዜም ዘግይቼ ነው የምስቀው።

ሥራዬ ማጠፍና መጠረዝ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ሰፊ ወረቀት ብዙ ገጽ ይይዛል፤ ገጾቹ ተራቸውን የሚያገኙት ሲታጠፉ ነው። ሳይታጠፍ ሲታይ የመጀመሪያው ከመጨረሻው ጎን ተኝቶ፣ ከበላያቸው ያሉት ተዘቅዝቀው፣ ሰካራም ያነጠፈው አልጋ ይመስላል። ንባብን የተማርኩት ከዚህ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ቀለም የጠጣውን፣ የተሸበሸበውን፣ ብልሽት የምንለውን ወረቀት ቤት እየወሰድኩ፣ እያዟዟርኩ አነባለሁ። ስለዚህ የማውቀው ሁሉ ግማሽ ግማሽ ነው። ንብ ከቀፎዋ እንዴት እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትመለስ ግን አላውቅም። ያ ገጽ ደህና ታትሞ ተሸጠ።

ይህችንም ደብተር ከቁራጭ ወረቀት ራሴ ጠርዤያታለሁ። ለምን መጻፍ እንደጀመርኩ እንጃ። የማወራው ሰው አጥቼ አይደለም። ባል አለኝ።

ረቡዕ 4

ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሠራው። ስንት ዓመት የለመንኩት ቧንቧ። የከተማውን የውሃ ፓምፕ ሁሉ ሲጠግን ይውልና የራሱ ቤት ሲንጠባጠብ ያድራል።

«ምን ነካህ ዛሬ?» አልኩት።

«ጊዜ አገኘሁ» አለኝ፣ እጁን እየጠረገ።

እግዜር ይስጠው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠብታውን ለምጄው ኖሯል።

እሑድ 8

ጎረቤታችን ዛሬ፣ «እናንተ ቤት እንዴት ነው እንዲህ ሰላም የሆነው? በዚህ ሰሞን እኮ የማይጣላ ባልና ሚስት የለም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ግን ሳስበው ዋልኩ።

ባለቤቴ እዚህ የመጣው የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። አባቱ ከሚያስተዳድረን አገር የተላከ የመንገድ ሥራ ኃላፊ ነበር። ሰፈሩ «ማዶ» ይለዋል፣ ከባሕር ማዶ ስለመጣ። ሲጠሩት «አቤት» ይላል። ይክፋው አይክፋው ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ የወደብ ተሸካሚ ነበር። ነፃነት ሲል ሁለት ጊዜ ታስሯል። ልጁ ማዶን ላግባ ስትል ሰው ሁሉ «ዛሬ ጉድ ይፈላል» ብሎ ጠበቀ። አባቴ ቀና ብሎ አየውና፣ «እኛ የምንጣላው ከመንግሥታቸው ጋር ነው። አንተ ዳማ ትችላለህ?» አለው። እስኪመሽ ተጫወቱ። ወንድሜ ብቻ ለሠርጋችን አልመጣም። አባቴ ይህን የድምፅ ቀን ሲጠብቅ ሞተ። «አንቺ ግን ታይዋለሽ» ብሎኛል። እያየሁት ነው።

እንደተጋባን ሰሞን አንድ ሰልፍ ላይ ሰው ተገደለ። ማታ እሱ «ሰዎችሽ» አለ፣ እኔ «ሰዎችህ» አልኩ። ሁለታችንም እንዲያ መናገር የምንችል አይመስለንም ነበር። ተኳረፍን። ሰንብቶ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ አወለቀና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተና የእኛ የሚባል ወሬ ከጫማ ጋር እዚህ ይቀራል። እሺ?» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ያኔ ስቀን ነበር። ያን ቃል እስከ ዛሬ አንዳችንም አላፈረስንም። ሰልፍ አለፈ፣ እስር አለፈ፣ የሰዓት እላፊ አለፈ። እኛ ስለ ሽንኩርት እናወራለን። ስለ ጣራ እናወራለን። ልጅ አልሰጠንም፤ ስለሱም ብዙ አናወራም።

ሰላማችን የመጣው ከዚያ ነው። ሰላም ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሙስ 12

ማን ድምፅ እንደሚሰጥ በጋዜጣ ወጣ። እዚህ የተወለደ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ እዚህ የተወለደ። ባለቤቴ የለበትም።

ማሽኒስቱ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ጮኾ፣ «አንቺ፣ ማዶ ይመርጣል እንዴ?» አለኝ።

«አይመርጥም።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ምን ሊሠራ ነው?»

«ምሳ ይበላል።»

እትዬ ሙጫ ሳቀች። ሙጫው ላይ ስለምትሠራ ነው እንዲህ የምንላት፤ ከሁላችንም በዕድሜ ትልቋ ናት።

«እኔ እኮ ጠልቼው አይደለም» አለ ማሽኒስቱ። «ግን እንግዳ ለቤት ምሰሶ አይመርጥም።»

«አርባ ዓመት የቆየ እንግዳ?» አለች እትዬ ሙጫ። «ያንተ ቦርጭ እንኳ እዚህ ከመጣ ቅርብ ጊዜው ነው፣ እኛ ግን እንደ አገር ልጅ ይዘነዋል።»

ሕጉ ልክ ነው። ይህን ራሴ ባጠፍኩት ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ። የሚያስተዳድረው አገር የፈለገውን ያህል ሰው እያመጣ ካሰፈረና ካስመረጠ፣ የባለ አገሩ ቃል በቁጥር ይሰጥማል። እኔም ሕግ አውጪ ብሆን እንዲሁ ነበር የምጽፈው። ስለ ሰው ሁሉ ሳስበው ልክ ነው። ስለ እሱ ሳስበውም ልክ ነው። ብቻ ይጎረብጠኛል።

ቤት ስገባ ጋዜጣው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያች ገጽ ወደ ላይ ሆና ተዘርግታለች። እንዳይከፋው ብዬ አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። አየኝ። ምንም አላለም። እኔም ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራሁት።

ቅዳሜ 14

የጓዳውን በር ማጠፊያ ቀየረ። ከሰዓት ጣራ ላይ ወጣ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ሁሉ መታው። መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ከላይ ሆኖ ባሕሩን ለረጅም ጊዜ አየ። «ጨረስክ?» አልኩት። «ልጨርስ ነው» አለኝ።

እንዲህ ያለ ባል ማን አለው።

ረቡዕ 18

የሚያስተዳድረን አገር መርከብ ይልካል ተባለ። ከዜጎቹ መሄድ ለሚፈልጉ። ከድምፁ ቀን በፊት ይነሳል። እዚያ ቤትና ሥራ ይሰጣቸዋል፤ የትዳር ጓደኛም መሄድ ይችላል።

ማታ የባለቤቴ እህት ከማዶ ደወለች። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ ስልክ ባይኖርም የሚሰማ ይመስለኛል። እሱ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። ሰሃን እያጠብኩ አንድ ነገር ብቻ ሰማሁ። «እሷ ምንም አላለችም» አለ። ቆየና ደግሞ፣ «ምንም። አንድም ቃል።»

የእህቱ ልጅ ልታጭ ነው የሚል ወሬ ነበር። ስለ እሷ ይሆናል።

ሰኞ 23

ሥራ በዛ። ብልሽትም በዛ፣ ቀለሙ ቀጥኗል። አለቃችን ይቆጣሉ።

አንድ ሉክ ይዤ መጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሕዝብ ዝም ስላለ ተስማምቷል አይባልም። ፈቃዱ የሚታወቀው ጥያቄው በግልጽና ያለ ፍርሃት ሲቀርብለት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠያቂው» ይልና ያልቃል። ቀጣዩ ገጽ በዚህ ሉክ ላይ የለም።

ጠያቂው ምን? እራት እያቀረብኩ ጠያቂው ምን። ተኝቼም ጠያቂው ምን።

ማክሰኞ 24

ከደህናው ጥራዝ ላይ ፈለግኩት። «ስለዚህ ጠያቂው የሚመኘውን መልስ ሳይሆን የሚሰጠውን መልስ ለመቀበል የተዘጋጀ መሆን አለበት።»

ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 26

ጣቴን ቆረጥኩ። ብዙ አይደለም። አንድ ሙሉ ቁልል በደም ተበላሸ። አለቃችን ምንም አላሉም፤ ይህ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራኝ። የታዘብኩት፦ በዚህ ሰሞን ሁሉም ሰው ምንም አይልም።

ዓርብ 4፣ አዲስ ወር

ወንድሜ መጣ። ታላቄ ነው፤ ወንድምጋሼ እለዋለሁ። አሁን የሕዝበ ውሳኔው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል፣ ሲገባ ወንበሩም ተነስቶ እንዲቀበለው ይፈልጋል። ባለቤቴ ጓሮ ፓምፑን እየፈታ ነበር።

«ለመርከቡ ተመዝግቧል አሉ» አለኝ ወንድምጋሼ፣ ድምፁን ሳይቀንስ።

«ማን?»

«ማንን ልልሽ ነው? ወደብ ወረፋ ላይ ቆሞ ያዩት ሰዎች አሉ።»

«ወደብ የሄደው ለሥራ ነው። የወደቡ ፓምፕ ተበላሽቷል።»

«የወደቡ ፓምፕ ባለፈው ዓመት ነው የተነሳው፣ እህቴ።»

ሻይ ቀዳሁለት። ስኳር ረሳሁ። ሳይናገር ጠጣው፤ ከዚያ ለስለስ አለ። «እኔ ክፉ አልመኝልሽም። ይሂድ። ባትለምኚው ነው የሚሻለው። አገር ሲወለድ እኮ ደም መፍሰሱ አይቀርም፤ ያንቺ ይህ ይሁን።»

ቀልጠፍ ያለ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ከሄደ በኋላ መጣልኝ፦ ደም የሚፈሳት ሌላ፣ ልጁን የሚታቀፈው ሌላ። ለማን ልንገረው? ለዚህች ደብተር።

ባለቤቴን የወደቡ ፓምፕ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። በር ላይ የሚቀር ወሬ ነው።

ረቡዕ 9

ዛሬ ፊውዝ መቀየር አስተማረኝ። «እዪ፣ መጀመሪያ ዋናውን ታጠፊያለሽ።» ከዚያ የጓሮውን ፓምፕ፦ አየር ሲይዝ የቱን ብሎን እንደማላላ፣ ውሃ እስኪተፋ እንዴት እንደምጠብቅ። ሦስቴ አስደገመኝ። እጄን ይዞ ብሎኑ ላይ አስቀመጠው። እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ እንደ ድሮው።

«ይህን ሁሉ ለምን እማራለሁ? አንተ ምን ትሠራለህ ታዲያ?» አልኩት፣ እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «ማወቁ አይከፋም» አለ።

አይከፋም። ፓምፑን አሁን እችላለሁ።

ሐሙስ 10

ለእትዬ ሙጫ ስለ ፓምፑ አወራኋት። እንደ ጀብድ ነበር የማወራው። ቧንቧውንም፣ በሩንም፣ ጣራውንም ጨመርኩላት። ብሩሿን ሙጫው ውስጥ እንደነከረች ቆመች።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ሰውየው እኮ እየተሰናበተሽ ነው።»

«ቤት ነው የሚጠግነው።»

«የሚቀር ሰው ቤት አይጠግንም። ነገ አደርገዋለሁ ይላል። የእኔ ባል ሞቱን እንደ ተገነዘበ ነበር አጥር ያጠረው።»

«እትዬ፣ አንቺ ነገር ታበዢያለሽ።»

«አበዛለሁ። ጠይቂውና አሳፍሪኛ።»

ሥራ እስኪያበቃ አላናገርኳትም። ጥፋቷ ምን እንደሆነ እንጃ። እኔ ያወቅኩትን ጮክ ብላ መናገሯ ነው።

ቅዳሜ 12

ልጠይቀው አልኩ። ዝግጁ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ዝግጁ አይደለሁም ስል ዋልኩ። ከዚያችው መጽሐፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ የአንድ ሕዝብ አለመዘጋጀት ነፃነቱን ለማዘግየት ሰበብ ሊሆን አይችልም ይላል። ገዢዎች ሁሉ «ገና አልደረሳችሁም» ነው የሚሉት። እኔም ራሴን እንዲያ ስል ከረምኩ።

ነገ።

እሑድ 13

ጠየቅኩት።

ረፋድ ላይ ነው። ጫማውን እየጠረገ በር ላይ ተቀምጧል። ወጥቼ ጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወሬውን ያስቀመጥነው እዚያ ስለሆነ ብዬ ይሆናል፤ አላሰብኩበትም።

«ትሄዳለህ?» አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ፣ «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለ። በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አሁን ነው።»

«ተመዝግቤያለሁ። ቅዳሜ ነው መርከቡ።»

«መቼ ወሰንክ?»

«ጋዜጣውን ያጠፍሽ ቀን።» ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። «ያችን ገጽ ዘርግቼ የተውኩት እኔ ነኝ። ገብታ ታየዋለች፣ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ። ‹አይዞህ› ትለኛለች፣ ወይም ‹ልክ ነው፣ አንተ አትመርጥም› ትለኛለች። አንቺ አጣጥፈሽ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሽው። በቃ፣ ነገሩን ዘጋችው አልኩ። አገሯ ደረሰላት፣ እኔን ሂድ ለማለት አፈረች አልኩ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

«እኔ ደግሞ አንተ መሄድ ፈልገህ ለመናገር የቸገረህ መሰለኝ።»

«አየሽ» አለ። ሁለታችንም ሳቅ መጣብን። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን አብሮ የተኛ ሰው አንዱ በሌላው ፋንታ በልቡ ድምፅ ሲሰጥ ኖሯል።

«እና አሁን?» አልኩት። «አትሂድ ብልህስ?»

ጠያቂው የሚሰጠውን መልስ ለመቀበል የተዘጋጀ መሆን አለበት።

«እዚህ ስመጣ ማንም አልጠየቀኝም» አለ። «አባቴ እጄን ይዞ መርከብ ላይ ጫነኝ። እዚህ ማዶ ነኝ፤ እዚያ ስደውል ደግሞ እህቴ ‹አነጋገርህ የእነሱ ሆኗል› ትለኛለች። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ወድጄ መርከብ ላይ ልውጣና የቱ እንደሆንኩ ልወቅ። አንቺን ሸሽቼ አይደለም። ነይ አብረን እንሂድ።»

ነይ አለኝ። ስንት ሌሊት ይህችን ቃል ጠብቄ፣ ስትመጣ መልሱ አፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አልመጣም» አልኩት። «አባቴ የጠበቀውን ቀን ጥዬ አልሄድም። ደግሞ ለአባቴ ብቻ አይደለም። እኔም ተጠይቄ አላውቅም። አንዴ ልጠየቅና እኔ ልመልስ።»

«አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?»

«ሳልጠይቅሽ ማወቄን ስለጠላሁት።»

ሌላውን ጫማ አንስቼ ጠረግኩለት።

ማክሰኞ 15

ቀኑ ሁሉ ወሬ ነው። ዘንድሮ ያላወራነው ምን ቀረ። የሰልፉን ዕለት አወራን። የሞተውን ልጅ እሱም ያውቀው ኖሯል፤ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር። እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ያኔ «ሰዎችሽ» ሲለኝ እያለቀሰ እንደነበር አላየሁም። ማዶ ሲሉት ይከፋዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ሌላ ስም አላውቅም» አለኝ።

እንዲህ መነጋገር እንደምንችል ባውቅ። ባውቅ ምን? እንጃ። ሰው ውሃው ሊቋረጥ ሲል ነው ማሰሮውን ሁሉ የሚሞላው።

ቅዳሜ 19

ሄደ።

ወደብ ሰው ብዙ ነው። የሚያለቅስም፣ የሚሳደብም፣ ሻንጣ የሚሸከምም። አንዲት አሮጊት የምትሄደውን ጎረቤቷን አቅፋ፣ «ድስትሽን ሳልመልስልሽ» ትላለች። ማሽኒስቱ ድንገት መጣ። ባለቤቴን ጨበጠውና፣ «እዚያ ፓምፕ የላቸውም አሉ፣ ሁሉን ነገር አንተ ላይ እንዳይጥሉብህ» አለው። ሻንጣውን ተሸከመለት።

«ስደርስ እደውላለሁ» አለኝ።

«እሺ።»

«ብሎኑን አትርሺ። የላይኛውን ነው።»

«የላይኛውን።»

ይህ ነው የተባባልነው። መርከቡ እስኪያንስ ቆምኩ። ከዚያ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ ብሎ ማተሚያ ቤት ወሰደኝ፣ ቅዳሜ ተዘግቷል። በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የማጥፈው ነገር ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ሰኞ 21

ደውሏል። ድምፁ ይቆራረጣል። ደርሷል። ብርድ ነው አለ። አልጋው ሰፊ ነው አለ። እኔም ሰፊ ነው አልኩት።

ረቡዕ 23

በከተማው አዳራሽ የመጨረሻው ስብሰባ። ከሌላ አገር የመጡ ታዛቢዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወንድምጋሼ መድረክ ላይ ነው፣ ኮሚቴው ያመጣው የሕግ ሰውም አጠገቡ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለ። ስለ ገንዘብ ተጠየቀ፣ ስለ ፖሊስ ተጠየቀ፣ ስለ ዓሣ ማስገሪያው ወሰን ተጠየቀ።

እጄ ተነሳ። እትዬ ሙጫ ጎኔ ነበረች፤ አየችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

«በመርከቡ የሄዱት ሰዎች ተመልሰው ለመኖር መምጣት ይችላሉ ወይ?» አልኩ። ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ሂጂ ተከተያቸው!» ያለም ነበር። ወንድምጋሼ ቀላ። «እሱ ወደፊት የሚታይ ነው። ሌላ ጥያቄ።»

«ወደፊት አይደለም፣ ወንድምጋሼ። እሑድ ልመርጥ ነው። የምመርጠው ምን እንደሆነ ከመምረጤ በፊት ልወቅ።»

የሕግ ሰውየው ማይኩን ወሰደ። «ቀጥ ያለ መልስ ልስጥሽ፣ እህቴ» አለ። «ድምፅ የመስጠት መብትና የመኖር መብት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የባለ አገሩ ነው። ሁለተኛውን የአዲሱ አገር ሕግ ይወስነዋል። ረቂቁ ላይ፣ እዚህ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ተመልሶ መኖር፣ ዜግነትም መጠየቅ ይችላል የሚል አለ። ግን ገና አልጸደቀም። ላያልፍም ይችላል። ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

«ቃል አልጠየቅኩም» አልኩት። «መልስ ነበር የጠየቅኩት።»

ተቀመጥኩ። ስንወጣ ወንድምጋሼ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሊቆጣ ነው ስል፣ «የአባታችን ድምፅ ነው ያለሽ» አለኝና ሄደ።

እሑድ 27

ረጅም ሰልፍ። ፀሐይ። ማንም አልተጋፋም።

ከመጋረጃው ኋላ ብቻዬን ሆንኩ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥን። ማንም አያየኝም። ቀላቅሉን ብዬ ምልክት ባደርግ ወሰን የለም፣ እሱ እንደ ድሮው በፈለገ ጊዜ ይመጣል። ይህን አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። እስክሪብቶው እዚያ ሳጥን አጠገብ ሄዶ ቆመ።

ከዚያ አገር እንሁን የሚለው ላይ አደረግኩ። እሱን የሚከለክልብኝ ሳጥን መሆኑን እያወቅኩ። የማንንም ድምፅ ለማንም አልሰጠሁም፤ የእኔን ሰጠሁ።

ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከታዛቢዎቹ አንዷ «ደህና ነሽ?» ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት።

ማክሰኞ 29

አገር ሆንን።

ሰው መንገድ ላይ ይተቃቀፋል። እትዬ ሙጫ በእርጅናዋ እየዘለለች ነው። ማሽኒስቱ አለቃችንን ተሸክሞ ማሽኑ ላይ አወጣቸው፤ «አውርደኝ፣ ቀለም ነክቶኛል» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ሳቅኩ፣ ዛሬ አልዘገየሁም። አባቴ መቃብር ሄጄ ነገርኩት። ደስታዬ እውነተኛ ነው። እንዳይጠረጠር እዚህ እጽፈዋለሁ፦ ደስ ብሎኛል።

ቤት ስገባ የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ደወልኩ። አላነሳም፤ ሥራ ላይ ይሆናል።

እሑድ 11፣ አዲስ ወር

የመመለሻው ሕግ አለፈ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ። ወንድምጋሼ ከደገፉት አንዱ ነው፤ እሱ አልነገረኝም፣ ከሰው ሰማሁ።

ከሰዓት ባለቤቴ ደወለ። ሰምቷል።

«እንዴት ነው እዚያ?» አልኩት።

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሰዉን አላውቀውም» አለ። «እዚህ ደግሞ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ማዶ።»

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ድሮ ቢሆን እዚያ ላይ ስልኩን እዘጋ ነበር።

«ስማ» አልኩት። «ና አልልህም። ቅርም አልልህም። የራስህ ነው። ግን እንድታውቀው፣ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ሳትጠይቀኝ እንዳትገምት ብዬ ነው።»

ትንፋሹን ሰማሁት። «ሐሙስ እዚያ የሚገባ መርከብ አለ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አላውቅም ገና። አስብበታለሁ።»

«አስብበት» አልኩት።

ሰኞ 12

ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለራሴ ጉዳይ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐሙስ ከሰዓት ልቀር ብዬ ነበር» አልኳቸው።

«ምን ገጠመሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አይ። ወደብ ሄጄ ሰው ልጠብቅ ነው።»

«ይመጣል?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሂጂ» አሉኝ።